ማንም የማይሰበስባቸው ሰባ ሁለት ካርዶች

...ደግሞ ሻዩን አይጠጣም፣ ወተት ጨምሬ፣ ብስኩት ደርድሬ አቀረብኩለት፣ እሱ ግን ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ግድግዳዬን ያያል፣ ምን አለ ግድግዳው ላይ፣ ምንም፣ የክሊፎርድን ፎቶ ጠዋት አውርጄ ጓዳ ከትቼዋለሁ፣ ግን የግድግዳው ወረቀት እዚያች ቦታ ላይ ብቻ አልደበዘዘም፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል፣ አየው፣ አንቺ ጅል ኢኒድ፣ የሞተ ባልሽን ስትደብቂ ቦታውን አሳየሽው።

ግራንት እባላለሁ ነው ያለኝ በስልክ። ድሮ ከማስቲካ ጋር ይሸጡ የነበሩ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ካርዶች እሰበስባለሁ፣ ወይዘሮ ሰግደን፣ እርስዎ ክራብትሪ ከረሜላ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር አሉ፣ በ1972 ስለወጣው ስብስብ ለሰብሳቢዎች ጋዜጣ ልጽፍ ነበር። አሉ? ማን ነው ያለው? ዶሪን ናት፣ ከፋብሪካው ሴቶች ሌላ ማን በሕይወት አለ። ስንት ያማረ ስብስብ እያለ ለምን ያንን፣ በነጻ ቢሰጡት ሰው የማይወስደውን፣ የሆነ ነገር ነቅቶብኛል፣ እኔን አይሸውደኝም።

ካርዶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ይደረድራል። ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት፣ ጣቱን እከተላለሁ፣ ሠላሳ ሰባት፣ ያስቀምጠዋል፣ ያልፋል። አላቆመም። ወይስ ሆን ብሎ ነው፣ ፖሊስ እንደዚህ ነው የሚያደርገው፣ ያላየ መስሎ።

ሠላሳ ሰባት ቁጥር፣ ሮይ ማውሰን፣ የግራ ተከላካይ ይላል ከጀርባው። ፊቱ የማውሰን አይደለም። የባሌ ነው።

ሥራዬ ፎቶዎቹን በብሩሽ መቀባት ነበር፣ ጥቁርና ነጭ ይመጣሉ፣ ማሊያውን ቀይ፣ ሣሩን አረንጓዴ፣ ጉንጩን ቀላ አደርገዋለሁ፣ አንድ ሐሙስ የቀለም ጠርሙስ ማውሰን ፊት ላይ ደፋሁ፣ የተላከው ደግሞ አንድ ፎቶ ብቻ፣ ማተሚያው ከሰዓት ይጀምራል፣ አለቃችን በዚያው ሳምንት አንዷን ልጅ ከዚህ ላነሰ ጥፋት አባሯታል፣ በምሳ ሰዓት ቤት ሮጥኩ፣ ስካርብራ የባሕር ዳርቻ ላይ የተነሳውን የክሊፎርድን ፎቶ ከፍሬሙ አወጣሁ፣ ማሊያ ሣልኩለት፣ አለቀ። አውቶቡስ ነጂው ክሊፎርድ፣ ውሻ ሲያይ መንገድ የሚሻገረው ክሊፎርድ። ስነግረው ወንበሩን ይዞ ሳቀ፣ ኢኒዬ፣ በስተርጅና ሊግ ገባሁ በይኛ፣ ሠላሳ ዓመቱ ነበር።

ካርዱ ግን አልተወደደም። ልጆቹ ማስቲካውን አኝከው ካርዱን ቦይ ውስጥ ጣሉት፣ የገና በዓል ሳይደርስ ፋብሪካው ተዘጋ፣ አርባ ሴቶች ቦርሳችንን ይዘን ዝናብ ላይ ቆምን፣ ዶሪን የሦስት ልጆች እናት፣ አንዷ ነች ሥራውን ያበላሸችው ተባለ፣ ስም አልተጠራም፣ እኔ ግን አወቅኩ፣ ክሊፎርድም መሳቁን ተወ፣ የኔ ፊት ነው የዘጋው አለኝ አንድ ቀን ካልሲውን እያወለቀ፣ ለማንም እንዳትነግሪ። ቃል ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ፖስተኛ በሩን በነካ ቁጥር ማውሰን ነው፣ ጠበቃው ነው፣ ሃምሳ ዓመት።

እጠይቀዋለሁ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ለምንድነው ግን ሰው የማይፈልገው፣ ልጄ? ፊቱ በራ። ኧረ ምክንያቱ ብዙ ነው ይላል፣ በመጀመሪያ መጠኑ፣ ከሌሎቹ በአንድ ጣት ስለሚሰፋ የትኛውም አልበም አይይዘውም፣ ስመ ጥሮቹን ተጫዋቾች ሌላ ትልቅ ድርጅት ቀድሞ አስፈርሟቸዋል፣ ለክራብትሪ የተረፉት የተጠባባቂ ወንበር የሚያሞቁት ናቸው፣ አይቀየሙኝ፣ ክለቦቹም አርማቸውን አልፈቀዱም፣ ማሊያው ሁሉ ባዶ ነው፣ ከዚያ ደግሞ የአንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ያልተከፈተ ሠላሳ ሣጥን ተገኘ፣ በየሄደበት የሚያገኘውን ማን ይሰበስባል። የሚያሳዝነው፣ ሳቅ ይላል፣ ስህተት እንኳ የለበትም፣ ሰብሳቢ ስህተት ይወዳል፣ ፊቱ የተለዋወጠ አንድ ካርድ ቢኖረው እኮ ይሻሙበት ነበር።

ይኸው። መጣ። ፊቱ የተለዋወጠ አለ። ማጥመጃው ይህ ነው፣ ዓይኑን አየዋለሁ፣ ዓይኑ ግን ብስኩቱ ላይ ነው፣ አንዱን ያነሳል፣ ሻዩ ውስጥ ነክሮ ይበላል፣ ፍርፋሪው ካርዱ ላይ እንዳይወድቅ መዳፉን ከሥር ዘርግቶ።

ፋብሪካውስ፣ እላለሁ፣ በካርዱ አይደል የተዘጋው? በፍጹም! ከቦርሳው ወረቀት ያወጣል፣ የደብዳቤ ቅጂ፣ ሽማግሌው ክራብትሪ ሕንፃውን ለምንጣፍ ነጋዴ የሸጠበት፣ ቀኑን አነባለሁ፣ መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነባለሁ፣ መጋቢት ይላል። እኔ ቀለሙን የደፋሁት ሰኔ ነው። ፎርጅድ ይሆን፣ ማን ያውቃል፣ አይ፣ ፊርማው የሱ ነው፣ ያ ጅራቱ የተጠማዘዘ ፊርማ፣ በየማስታወቂያው ሥር ስናየው የኖርነው። ተሸጧል። ገና አንድ ካርድ ሳይታተም። እያወቀ ነው ለካ ጠዋት ጠዋት ባርኔጣውን አንስቶ ደህና አደራችሁ ልጆቼ የሚለን፣ ክሊፎርድ ደግሞ ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ ዶሪን ልትጠይቀው ስትመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ አፍሮ፣ ምንም ሳያደርግ አፍሮ ሞተ።

ይህ ሰውዬም አልነቃም። ማንም አልነቃም። እፎይ ማለት ነበረብኝ፣ ግን ያን ፊት እንዴት ያዩታል እና ያልፉታል፣ ሰባ አንዱ ተኮሳትረዋል፣ እሱ ብቻ ይስቃል፣ ነፋሱ ባርኔጣዬን ይዞት ሲሄድ አይቶ ነው፣ ዓይን የላችሁም እንዴ። ዝም በይ ኢኒድ። ቃል ገብተሻል፣ ይሻሙበታል ብሏል፣ የማያውቁት ሰዎች እየተቀባበሉ ይለዋወጡታል። ይለዋወጡት፣ ምን አገባኝ፣ ቦይ ውስጥ ጥለው ሲረግጡት አይደል የኖሩት።

እጄ ቀደመኝ። ሠላሳ ሰባትን አነሳዋለሁ፣ ይሄን ታውቀዋለህ? ማውሰን ነው ይላል ቁጥሩን ብቻ አይቶ፣ ብዙም አልተጫወተም፣ መጨረሻው የት እንደሆነ አላውቅም። እኔ አውቃለሁ፣ ጻፍ። ይጽፋል። አውቶቡስ ነዳ፣ እዚሁ ኪዝሊ፣ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ዝናብ ሲሆን ከፌርማታ ውጭም ይቆም ነበር፣ ውሻ ይፈራል፣ ኳስ መትቶ አያውቅም።

ብዕሩ ቆመ። አሁን ገና ካርዱን ያያል፣ ከዚያ እኔን። ይቅርታ፣ ወይዘሮ ሰግደን፣ ማውሰን ኳስ መትቶ አያውቅም ነው ያሉኝ?

ማውሰን አይደለም፣ ሰርዘው፣ ክሊፎርድ ሰግደን ብለህ ጻፍ፣ ጎላ አድርገህ።