ለኦርቪል የተላከው ሁለተኛ ከረጢት

በሆስፒታላችን ምድር ቤት ያለውን የደም ማቀዝቀዣ ሃያ ስድስት ዓመት የያዝኩት እኔ ነኝ። ቀዩ ደምና በረዶ የሆነው ፕላዝማ፣ የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ እኛው ጋ አለ፤ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት ካስፈለገ ግን ከቢስማርክ ከተማ በመኪና ነው የሚመጣው። ለማን፣ የትኛው፣ ስንት የሚለውን የሚያዘው ሐኪሙ ነው። እኔ ደሙን ከበሽተኛው ጋር አመሳክሬ እልካለሁ። ትእዛዙ ካልተዋጠልኝ ደውዬ መጠየቅ እችላለሁ።

ኦርቪል ትቬት ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነበር፤ ዕድሜያቸውን በከተማው የእህል ጎተራ የጨረሱ ሰው። በመጋቢት በረዶ አንሸራትቷቸው ዳሌያቸው ተሰበረና እኛው ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ተጠገነላቸው። ጠዋት ጠዋት ለምርመራ ደም ልቀዳ ስገባ፣ «ያቺ ትንኝ መጣች! ዛሬስ ታስተርፊልኝ ይሆን?» እያሉ ክንዳቸውን ይዘረጉልኝ ነበር።

ከቀዶ ሕክምናው በአራተኛው ቀን ዶክተር ሃውግላንድ ሁለት ከረጢት ቀይ ደም አዘዘላቸው፣ ያውም በላይ በላዩ። ስልኩን አነሳሁ።

«ዶክተር፣ የኦርቪል የደም መጠን፣ ሂሞግሎቢናቸው፣ ስምንት ነጥብ ስድስት ነው። አይደሙም፣ አላዞራቸውም። ጠዋት እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ተራምደዋል።»

«እና?»

«ከስምንት በታች ካልወረደ መጠበቅ ነው የሚሻለው። ልባቸው ደካማ ነው፣ እግራቸውም አብጧል። የግድ ከሆነም አንዱን ቀስ አድርገን ሰጥተን፣ እንዴት እንደሆኑ አይተን…»

«ቬርና፣ ነገ ወደ ቤቱ ልሸኘው ነው። ሂሞግሎቢኑ አስር ገብቶ ይሂድ። ገርጥቷል ሰውዬው።»

«እሳቸውማ በሐምሌ ፀሐይም ገርጣጣ ናቸው፤ ዘራቸው ኖርዌጂያን ነው እኮ።»

አልሳቀም። «አንቺ ማቀዝቀዣሽን ጠብቂ። ሰውየውን ለእኔ ተይው።»

በቢስማርክ ያሉት የደም ሐኪም ስልክ ግድግዳዬ ላይ ተለጥፏል። እሳቸው ጋ ብደውል ኖሮ ሃውግላንድን ያስቆሙት ነበር። አልደወልኩም። የስድብ ያህል ስለተሰማኝ አኩርፌ የመጀመሪያውን ከረጢት ላክሁ።

እኩለ ቀን ላይ ነርሷ ትዋይላ ሁለተኛውን ልትወስድ ወረደች።

«እንዴት ናቸው?» አልኳት።

«ትንሽ ያስላቸዋል። ትንፋሽ አጥሯቸው ራስጌዬን ከፍ አድርጉልኝ ብለዋል።»

«ለዶክተሩ ነገርሽው?»

«ነግሬዋለሁ። ቀጥይ አለኝ።»

ከረጢቱ እጄ ላይ ነበር። ሳልና ትንፋሽ ማጠር በዚያ ልብ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ከትዋይላ ይልቅ እኔ አውቃለሁ። ቁጥሩን አነበብኩላት፣ እሷም አነበበችልኝ፣ ፈረምን፣ ሰጠኋት።

ስምንት ሰዓት ላይ ኦርቪል ሲያስላቸው ሮዝ አረፋ ይወጣቸው ነበር። ሳንባቸው በውኃ ተሞልቷል። ደሙን አቆሙ፣ ኦክስጅን ሰጡ፣ የሚያሸና መድኃኒት ወጓቸው። ወደ ቢስማርክ ሊወስዳቸው የነበረው ሄሊኮፕተር በነፋሱ ምክንያት መነሳት አልቻለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፉ።

የአደጋውን ሪፖርት ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ደሙ ከእሳቸው ጋር የተስማማ እንደነበር፣ የገደላቸው ግን ብዛቱና ፍጥነቱ መሆኑን ጽፌአለሁ። የሆስፒታሉ ኃላፊዎች ስብሰባ ተቀመጡበት። «የዕድሜ መግፋት፣ የደከመ ልብ» ተባለ። ውሸት አይደለም። ሙሉ እውነትም አይደለም።

በሰኔ ልጃቸው ማርሊስ በአባቷ ስም በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የደም ልገሳ አዘጋጀች። ደም የሚቀዱትን ሰው ስላነሳቸው እኔም ልረዳ ሄድኩ። መጀመሪያ የተጋደመችው ራሷ ማርሊስ ነበረች። መርፌውን አስገባሁ።

«ዶክተሩ ደም ሰጥተናቸው ነበር፣ አልሆነም አለኝ» አለች። «ሦስተኛ ከረጢት ቢኖራችሁ ይተርፉ ነበር አይደል? ለዚህ ብዬ እኮ ነው ሰውን የሰበሰብኩት።»

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ሦስት ወር ዝም ብያለሁ።

«ማርሊስ፣ ደም አላነሳቸውም። በዝቶባቸው ነው። ሁለተኛው ባይሰጣቸው ይተርፉ ነበር ብዬ አምናለሁ።»

አንገቷን ከትራሱ ቀና አደረገች።

«ማን ነው የላከው?»

«እኔ።»

«እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ።»

«መርፌውን አውጪልኝ።»

«ማርሊስ…»

«አውጪልኝ አልኩሽ!»

አወጣሁት። ያልሞላ ከረጢት ለማንም አይሆንምና ተጣለ። ተራ ሲጠብቁ የነበሩት ሰምተው ኖሮ ከፊሎቹ ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ።

ሆስፒታሉ የበሽተኛ ምስጢር አውጥተሻል ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ። ሃውግላንድ ምንም አልደረሰበትም፤ አሁን ግን አንድ አንድ ከረጢት ብቻ ያዛል። ለምን እንደሆነ አልተነጋገርንም። የማርሊስ እናት ለደም ግፊታቸው የሚታከሙት እሱ ዘንድ ነው፤ እስከ ዘጠና ማይል ድረስ ሌላ ሐኪም የለም። ማርሊስ ራሷ ታመጣቸዋለች፣ ታመሰግነዋለችም።

እኔን ገበያ ውስጥ ስታየኝ ጋሪዋን ታዞራለች። አንድ ቀን መተላለፊያው ጠባብ ሆኖ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ሰላም አልኳት። ዱቄቱን ከመደርደሪያ አንስታ፣ ጋሪዋ ላይ አስቀምጣ፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ አልፋኝ ሄደች።