ጾም ያልፈታው አውሬ

ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ፣ ማራኪ የምትባል ልጅ የምትጠብቀው ጌም ቤት አለ። ግድግዳው ላይ አውሬዎች በጠመኔ ተሥለዋል። ከሰፈሩ ልጆች መካከል በስልኩ ጨዋታ ኃይለኛ አውሬ ላሳደገ፣ ማራኪ አውሬውን ትሥልለትና ከሥሩ ስሙን ትጽፍለታለች። አውሬው ግጥሚያ ላይ ከተዋረደ ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ታጠፋዋለች። ደንቡ ይኸው ነው።

ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት ደግፌ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ይህንኑ ግድግዳ ነበር። ክንፉን የዘረጋ፣ ከአፉ በረዶ የሚተፋ ግራጫ አውሬ አዲስ ተሥሏል። ከሥሩ «የኑሕ ዳመኔ» ይላል።

ደግፌ ፍም እንደዋጠ ሰው ውስጡ ነደደ። ዳመኔ የእሱ ነው። ከእንቁላል ያስፈለፈለው፣ ዝናብ እንደመታው ጫጩት ሲንቀጠቀጥ ያበላው እሱ ነው።

ጨዋታው አውሬ መያዝ፣ ማብላት፣ ማሳደግና ማዋጋት ነው። አውሬ ታዲያ በየቀኑ ካልበላ ያኮርፋል። ደግፌ ደግሞ ፍልሰታን ሲጾም ከሥጋና ከወተቱ ጋር ጌሙንም ይጾማል። ስለዚህ ጾሙ ሲገባ አውሬዎቹን ወደ ጓደኛው ወደ ኑሕ ስልክ ያሻግርና «አደራ» ይላል። ኑሕም በተራው ረመዳን ሲመጣ የራሱን ለደግፌ ያስረክባል። ሁለቱ ከተዋወቁ ጀምሮ ልማዳቸው ነው። ዘንድሮ ግን ዳመኔ ክንፍ ያወጣው ኑሕ ጋ በአደራ እያለ ነበር። ደግፌ ያንን ቀን ስንት ጊዜ አልሞታል! ቀኑ ሲመጣ ግን ጌም ቤቱ በጩኸት ሲናጥ እሱ ቅዳሴ ላይ ቆሞ ነበር።

«ወላሂ ደግፌ፣ አንተ አለመኖርህ!» አለ ኑሕ፣ አውሬዎቹን ወደ ደግፌ ስልክ እየመለሰ። «ክንፉ ሲወጣ ስልኬ የሚሰነጠቅ ነው የመሰለኝ!»

«ጎሽ» አለ ደግፌ።

«ኑሕ እኮ እጁ እርጥብ ነው» አለች ማራኪ የጠመኔ ብናኝ ከእጇ እያራገፈች። «አንተ ጋ ያን ያህል ጊዜ ተጎልቶ ነበር።»

ሚጥሚጣ ዓይን ውስጥ ሲገባ እንዲህ ነው። ደግፌ «ስሜን ጻፊልኝ» ሊላት ፈለገ። ዓይነ አፋር ስለሆነ ግን ስልኩን ኪሱ ከቶ ወጣ።

ቤቱ ገብቶ ስልኩን ከፈተ። ድሮ ሲያየው እየዘለለ የሚመጣው ዳመኔ ክንፉን ሰብስቦ ባለበት ቆመ።

«በኑሕ ነው እንዴ የምትኮራብኝ?» አለው።

ሌሎቹን አውሬዎች በሙሉ አበላ። ዳመኔ ጋ ሲደርስ ጣቱን አነሣ። «አንተን ኑሕ ያብላህ።» በማግሥቱም እንዲሁ አለፈው፤ ከዚያም በኋላ። ሰው ስልክ ውስጥ ባለ ሥዕል ይቀናል ቢሉት ደግፌ ራሱ በሳቀ ነበር። ቅናት ግን መሳቂያ መሆኑን ለባለቤቱ አይነግረውም።

ጳጉሜን ላይ የቤቴል ልጆች ለግጥሚያ መጡ። ግጥሚያው ሁለት ለሁለት ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት አውሬ ያሰልፋል። የቀራንዮዎቹ ደግፌና ኑሕ አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ተመካከሩ።

«የእነሱ ሁሉም እሳት ነው» አለ ኑሕ። «እኔ የውኃዎቹን፣ ኤሊውን፣ ዓሣውንና እባቧን ይዣለሁ። አንተ ዳመኔን አስገባ፤ በረዶው እሳት ያጠፋል። ሌላው እንደፈለግክ።»

«ዳመኔ ይቅር። በሬውን ላስገባ።»

«አብደሃል? የሣር በሬ እሳት ፊት? ጥብስ ልታበላቸው ነው?»

በዙሪያው የቆሙት ሳቁ።

«ካልሆነ ዳመኔን ለኑሕ ስጠው» አለች ማራኪ። «እሱ ያጫውተው፤ ለምዶታል።»

«የራሴን አውሬ የማጫውተው ራሴ ነኝ!»

ደግፌ ሲጮኽ የሰማ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። እሱም ራሱን ሰምቶ ደነገጠ፤ ግን ዳመኔን ከሰልፉ አስገባው።

ግጥሚያው ተጀመረ። የኑሕ አውሬዎች ሦስት እሳቶች አጥፍተው ወደቁ። የደግፌም ሁለቱ ሌሎች ሁለት አጥፍተው ተከተሉ። በመጨረሻ የቀሩት የቤቴሉ ልጅ የኢህሳን ነበልባል አንበሳና ዳመኔ ብቻ ሆኑ። አንድ በረዶ ይበቃል። ደግፌ ግድግዳውን ሰረቅ አድርጎ አየ። አሁን ካሸነፈ፣ ማራኪ ሳትለመን ስሙን ታስተካክለዋለች። በረዶውን ተጫነ።

ዳመኔ ቁጭ አለ።

ደግፌ ደግሞ ተጫነ። ዳመኔ ጀርባውን አዞረ።

«ለፎቶ ነው እንዴ ያመጣችሁት?» አለ ኢህሳን፤ አንበሳውም እሳቱን ለቀቀው፤ ዳመኔ ወደቀ።

ኑሕ የደግፌ ስልክ ላይ ጎንበስ አለ። ከዳመኔ ራስ በላይ ያለችው የሆድ ምልክት ባዶዋን ቀርታለች።

«ደግፌ፣ ይሄ እኮ እህል አልቀመሰም። ጾሙ ተፈታ አይደል እንዴ? እሱን ለምን ታስጾመዋለህ?»

የቤቴሉም የቀራንዮውም ልጅ አብሮ በሳቅ ፈረሰ። ማራኪ እንኳ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ደንቡ ደንብ ነውና ጨርቁን አርጥባ ወደ ግድግዳው ሄደች። መጀመሪያ ክንፉ፣ ከዚያ በረዶው፣ በመጨረሻ የኑሕ ስም ጠፋ። ደግፌ ያ ስም እንዲጠፋ ስንት ቀን ተመኝቷል። አሁን ግን እርጥቡን ግድግዳ ማየት አልቻለም።

ሲወጡ ያካፋ ነበር። ኑሕ ጃንጥላውን ለሁለታቸው ዘርግቶ በጭቃው ዳር ዳር ሄዱ።

«ቀንተህ ነው?» አለ ኑሕ።

ደግፌ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆሞ ስልኩን ከፈተ፤ ወደ ኑሕም ዘረጋለት። «እንካ፣ አንተ አብላው። ከአንተ ይበላል።»

«አይ አባቴ! የራስህን አውሬ ራስህ አብላ።»

ደግፌ ፊቱ ቀላ። ምግቡን አስቀመጠለት። ዳመኔ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ኑሕ ስልኩ እንዳይረጥብ ጃንጥላውን ወደ እሱ አዘነበለ፤ የራሱ ትከሻ በዝናብ ራሰ። ደግፌ ይህን ሳያይ አልቀረም። ዓይኑ ግን አሁንም ስልኩ ላይ ነበር፤ ዳመኔ ቀና ያለው ወደ ማን እንደሆነ እያጣራ።