የኦሬስት ተከላካይ

ኦሬስት ህናቲዩክ የበረዶ ሆኪ ቡድን ያስተዳድራል እንጂ የራሱን ሆድ ማስተዳደር የማይችል ሰው ነው። ይህን የምትለው ሚስቱ ዳርሊን ናት፤ እውነቷን ነው። የትንሿ ከተማቸው የሃሞንድ ክሪክ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ፊት ለፊት የምትነግረው ግን እሷ ብቻ ናት።

ኦሬስት የ«ጉጉቶቹ» ሥራ አስኪያጅ ነው። ጉጉቶቹ የወጣቶች ቡድን ናቸው፤ ከሩቅ ከሩቅ የመጡ ልጆች ክረምቱን በየሰዉ ቤት እያደሩ በረዶው ላይ ይጫወታሉ። ልጁን ተቀብላ የምታበላው፣ ጠዋት ለትምህርት የምትቀሰቅሰው፣ ተሸንፎ ሲገባ የምታባብለው ሴት አሳዳሪ እናት ትባላለች። በዚህ ሥራ ደግሞ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፦ ሥራ አስኪያጅ ተጫዋች ቤቱ አያሳድርም። ለምን ቢሉ፣ ማታ ማታ አብሮህ ድንች የሚልጠውን ልጅ በየትኛው አንጀትህ ለሌላ ቡድን አሳልፈህ ትሰጠዋለህ?

ኦሬስት ይህን ሕግ አፈር አብልቶታል። ተጫዋቹ ጋረት ሊንክሌተር ከሰሜን ማኒቶባ ሲመጣ የተመደበለት ቤት ቧንቧው በብርድ ፈነዳና፣ «ለአንድ ሳምንት ብቻ እኛ ጋ ይቆይ» አለ ኦሬስት። አይ አንድ ሳምንት! ሦስት ዓመት ሆነው። ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ካልጋሪ ገብተው ቤቱ ጭር ብሎ ነበር፤ ጋረት ያንን ጭርታ በሳቁና በሚያስደነግጥ አበላሉ ሞላው። ኦሬስትን «አለቃ» ይለዋል፤ ዳርሊንን «እማ ዲ»።

አሁን በጋው ገባና ጉድ መጣ። የሊጉ ደንብ ሃያ ዓመት የሞላቸውን ከሦስት በላይ አያስይዝም። ጉጉቶቹ ደግሞ አራት አላቸው፤ በረኛው፣ አምበሉ፣ ጎል አግቢው ፍሪሰን፣ እና ተከላካዩ ጋረት። በፀደዩ የአዳዲስ ልጆች ምርጫ ላይ ደግሞ ከሬጂና አንድ በር የሚያህል ተከላካይ ደርሷቸዋል። እሱም ቦታ ይፈልጋል።

«ጋረትን እናሰናብት» አለ አሰልጣኙ ላይል። የቡድኑ መጫወቻ አዳራሽ ውስጥ ነበሩ። በረዶው ቀልጦ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ሰዎች ለቅዳሜ ሠርግ ጠረጴዛ ይደረድራሉ። «የቫንኩቨር ደሴቱ ቡድን ይፈልገዋል። ሥራ አስኪያጃቸው ማክራይ ወጣት በረኛ ይሰጠናል፤ በላዩ ላይ በከርሞው የአዳዲስ ልጆች ምርጫ የሁለተኛ ዙር ተራቸውን። ከዚህ በላይ ምን አለ?»

«ፍሪሰንን ብንለውጠውስ?» አለ ኦሬስት፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ።

«ፍሪሰንን? ጎላችንን ሁሉ የሚያገባልንን? ኦሬስት፣ ፀሐይ መታህ እንዴ?»

«ማለቴ… ማሰብ አይከፋም ብዬ ነው።»

«ማሰብማ ጥሩ ነው፤ አንተ ግን እያሰብክ አይደለም።» ላይል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ፤ ልጁን እኔም እወደዋለሁ። ግን እግሩ ከብዷል። ብታስቀረው አላሰልፈውም። ዓመቱን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ውኃ ያቀብላል። እዚያ ግን ይጫወታል። ማክራይም እስከ ዓርብ ካልነገርነው ሌላ ሰው ይወስዳል።»

ኦሬስት ስልክ የመጣለት መስሎ ወጣ። ማንም አልደወለለትም።

ቤት ሲገባ ዳርሊን ፔሮጊ ትሠራለች፤ ሊጡን እየዳመጠች፣ ድንችና አይብ እየጠቀለለች። እጁን ታጥቦ አጠገቧ ቆመና ጠርዝ ጠርዙን መቆንጠጥ ጀመረ። ጋረት ጎረቤት ዘንድ ድርቆሽ ሊጭን ሄዷል። ኦሬስት ነገሩን ዳር ዳር እያለ አወራት፤ ፍሪሰን እንዲህ ነው፣ የሬጂናው ልጅ ገና ጥሬ ነው፣ ልምድ ያለው ተከላካይ ለቡድን ምሰሶ ነው፣ ምናምን።

«ጨረስክ?» አለችው።

«ጨረስኩ።»

«የምታስቀረው ለማን ነው? ለቡድኑ?»

ኦሬስት ሌላ ሊጥ አነሳ።

«ለሱ ነው?»

የያዘው ሊጥ ተቀደደና ድንቹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ለራስህ ነው» አለች ዳርሊን። «ልጁ መምህር መሆን ነው የሚፈልገው። ትምህርቱን የሚያስከፍልለት የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ደግሞ የሚያየው የሚጫወተውን ነው፤ ውኃ አቀባይ ማንም አያይም። ይሄን አንተ ነህ ያስተማርከኝ። እኔስ ሆዴ የማይባባ ይመስልሃል? እዚህ ቆሜ ካልሲውን ሳጥፍ ነው የዋልኩት! ግን ልጅ የሚያድገው እንዲሄድ ነው፣ አንተ ሰውዬ!»

ይህን ብላ ፊቷን በክንዷ ጠረገች፤ ዱቄቱ ግንባሯ ላይ ቀረ። ኦሬስት የፈሰሰውን ድንች ሰብስቦ ሳህን ላይ አደረገ። አፍሯል፤ ልቡም ተሰብሯል፤ ግን ደግሞ አንድ ነገር ቀለል አለው፤ ለሳምንታት ሲዋሽ የከረመው ለራሱ ነበርና።

ጓሮ ወጥቶ እንስላሉ መሐል ቆሞ ወደ ማክራይ ደወለ።

«እሺ» አለው ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። «ጋረትን ውሰድ።»

«ግሩም! በረኛውና ሁለተኛ ዙሩ ያንተ ናቸው። ወረቀቱን ዛሬውኑ…»

«የት ነው የሚያድረው?»

«ምን?»

«ልጁ። የማን ቤት ነው የሚያድረው?»

ማክራይ ሳቀ። «ኧረ ኦሬስት፣ ቤት አይጠፋም። መስከረም ላይ የተገኘው ይሰጠዋል። አንድ ምድር ቤት አለን፤ ልጆቹ ተደራርበው ነው የሚተኙት፤ ይጫወታሉ፣ ይስቃሉ…»

«የቀዘቀዘ ፒዛ እየበሉ። ዝናዋ እዚህ ድረስ የተሰማ ሴት አለች አይደል? ጡረታ የወጣች መምህርት?»

«ፔኒ የምትባለውን ነው? እሷን እርሳት! የፔኒን ቤት በአንደኛ ዙር ለመረጥነው ልጅ ቃል ገብቼለታለሁ። አባቱን ብታውቀው! አንገቴን ነው የሚቆርጠኝ።»

ኦሬስት ተነፈሰ። በእንስላሉ ላይ የሚያንዣብቡትን ትንኞች በባርኔጣው አባረረ። እንደ ሥራ አስኪያጅ የሚናገረው ነገር እብደት መሆኑን አሳምሮ ያውቃል።

«ሁለተኛ ዙሩን እዚያው ያዘው» አለ።

«አልሰማሁህም።»

«ሰምተኸኛል። በረኛውን ላክልኝ። በምርጫው ፈንታ የፔኒን ቤት ስጠኝ።»

«ኦሬስት፣ ዕድሜዬን በሙሉ በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ምርጫ በቤት የለወጠ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ይኸው አየህ። አሁን የሴትዮዋን ቁጥር ስጠኝ።»

ፔኒን ራሱ አነጋገራት። ልጁ ሲሸነፍ እስኪበላ ድረስ እንዳታናግሪው አላት። እናቱ እሑድ እሑድ ትደውላለች፣ ያን ሰዓት ክፍሉን ለቀቅ አድርጊለት። ሒሳብ ይፈራል፤ ግን አይሰንፍም። ጉልበቱን ሲያመው አይናገርም፣ ደረጃ ሲወጣ እይው። ሴትዮዋ በትዕግሥት ሰማችውና፣ «ሌላስ?» አለችው። ሌላ ብዙ ነበር፤ እሱ ግን አመስግኖ ዘጋ።

ከዚያ መኪናውን አስነስቶ ወደ ድርቆሹ ሄደ። ተጫዋች የሚሰናበተው በስልክ አይደለም፤ ይህችን ሕግ እንኳ አልጣሳትም። ጋረት ጭነቱን ጨርሶ አጥር ላይ ተቀምጦ ውኃ ይጠጣል። አንገቱ በፀሐይ ቀልቷል፤ ፀጉሩ ውስጥ ገለባ ሞልቷል። ኦሬስት አጠገቡ ተደገፈ።

«ወደ ደሴቱ ቡድን ልኬሃለሁ» አለው። «እዚያ ትጫወታለህ። እዚህ አትጫወትም ነበር።»

ጋረት ጠርሙሱን ቀስ ብሎ ከደነ። ሲጠብቀው የከረመ ነገር ነው፤ ቢሆንም ክዳኑን ደጋግሞ አጠበቀው። ከዚያ በዚህ ሥራ የሚሸኝ ልጅ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቀ፤ አንድ ተጫዋች የተለወጠበትን ዋጋ እስኪሞት አይረሳም፤ መልበሻ ክፍልም ሲተረብበት ይኖራል።

«በምን ሄድኩ?»

«በበረኛ።»

«በአንድ ሕፃን በረኛ? ብቻ?» ለመሳቅ ሞከረ። «ልጆቹ ጨረሱኝ በለኛ!»

«የሁለተኛ ዙር ምርጫም ነበረበት።»

«ነበረበት?»

«መለስኩላቸው።»

«ለምን?»

ኦሬስት ምድር ቤቱን፣ ፒዛውን፣ ፔኒን፣ የአንደኛ ዙሩን ልጅ አባት አንድ በአንድ ነገረው፤ ሲናገር ራሱን ሞኝ ሞኝ መሰለው። ጋረት አፉን ከፍቶ ሰማው።

«አለቃ፣ አብደሃል? ቦርዱ ይበላሃል! ላይልማ…»

«ላይል ይጮሃል፣ ከዚያ ይደክመዋል።»

«በቤት ለወጥከኝ?»

«በጥሩ ቤት። ሾርባዋ ግሩም ነው አሉ።»

ልጁ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። ሲመልሰው ዓይኑ ቀልቷል፤ ግን ፈገግ ብሏል፤ የእውነት ፈገግታ ነው።

«እዚያ ስደርስ፣ በምን መጣህ ይሉኛል።»

«በበረኛ በላቸዋ። አያሳፍርም።»

«አልልም» አለ ጋረት ከአጥሩ እየወረደ። «ሃሞንድ ክሪክ ያለው አባቴ ሥራውን አስይዞ ላከኝ ነው የምላቸው።»

ኦሬስት የመኪናውን ቁልፍ ፍለጋ ባዶውን ኪሱን ደጋግሞ ፈተሸ። ጋረት እጁን ወደ ሌላኛው ኪሱ ሰድዶ ቁልፉን ወሰደና እሱ ነዳ።