ቧንቧ ውስጥ ያደረ

«ማለዳ ምን አስሮጠህ? ረፈድ ሲል ና፤ ቧንቧው ያደረበትን ያውጣ።»

እንዲህ ነበር የተባለው፤ ወይም ይህን የሚመስል ነገር። የባሏ ታናሽ ወንድም የምግብና መጠጥ ተቆጣጣሪ ሆኖ የተሾመ ሰሞን፣ የለስላሳ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እንኳን ደስ ያለህ ሊለው መጥቶ እዚሁ ሳሎን ተቀምጠው ነበር። እሷ ጓዳ ሽንኩርት ትከትፍ ስለነበር ወሬያቸውን ግማሹን ነው የሰማችው። ሳቃቸውን ግን ሙሉውን ሰምታለች። ለሰው እንቅልፍ የሚያዝን ደግ አለቃ ብላም ሥራ አስኪያጁን መርቃው ነበር።

አሁን ያው ሳሎን በለቀስተኛ ተሞልቷል። ባሏን ቀብራ ተቀምጣለች። ፋብሪካው ለሐዘኑ ለስላሳ በሳጥን በሳጥን ልኮ፣ ጎረቤቷ ለእንግዳው ሁሉ ታድላለች። አለመርሳታቸው ነው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ይላል የጠጣው ሁሉ።

ባሏ ዕድሜውን የጨረሰው የዚያ ፋብሪካ ጠርሙስ መሙያ ላይ ነው። ጓደኞቹ «አይደፋም» ይሉት ነበር። ሌሊቱን አሮጌው ቧንቧ ውስጥ ያደረውና ጠዋት መጀመሪያ የሚወጣው መጠጥ ይደፋ የሚል ደንብ ነበር። እሱ ግን የእግዜር ጸጋ አፈር ላይ ሲፈስ ማየት አይችልም፤ ሞልቶ ወደ ቤት ይዞት ይመጣል። እሷን ጣፋጭ ያቃጥላታል። «የአንቺንም እኔው ልቻለው እንግዲህ» ብሎ እየሳቀ የሷንም ይጠጣላት ነበር።

ችሎላት ሞተ። መጀመሪያ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ሆዱ፣ በመጨረሻ ኩላሊቱ። ሐኪሙ ደሙ ውስጥ እርሳስ አገኘና ከየት መጣ ብሎ ጠየቀ። የቧንቧው መጋጠሚያ የተበየደው በእርሳስ መሆኑን ባሏ አልጋ ላይ ሆኖ ሲናገር፣ ሐኪሙም ያደረ መጠጥ እርሳሱን ያሟሟዋል ሲል፣ በጓዳ የሰማችው ግማሽ ወሬ ሌላውን ግማሹን አገኘ።

ከጎኗ የተቀመጠው የባሏ የሥራ ባልደረባ በጆሮዋ ያንሾካሾከው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። «አይደፋም» ከታመመ ጀምሮ የጠዋቱን የሚወስደውም የሚደፋውም ስለጠፋ፣ ከሌላው ጋር ተጭኖ ለሱቅ ይሄዳል።

ብድግ አለች። ጠርሙሶቹን ከሰው እጅ እየቀማች በር ላይ ወዳለው ፍሳሽ ደፋቻቸው። በዚያ ቤት የሚጠጣ ነገር ተደፍቶ አያውቅም። ሐዘን አናቷ ላይ ወጣ ያሉም ነበሩ። ዋርሳዋ፣ ተቆጣጣሪው የባሏ ወንድም ዘንድ ስትደርስ ቆመች። የሱ ጠርሙስ እንደታሸገ ነው።

«አንተስ? ምነው አልጠጣህም?»

«ስኳር አለብኝ፣ እትዬ።»

«መቼ ጀመረህ? ከሹመቱ በፊት ነው በኋላ?»

ዋርሳዋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማስረዳት ያዘ። የወሰደው ናሙና ሁሉ ንጹሕ ነበር፤ ሕጉም ናሙና ውሰድ ይላል እንጂ በስንት ሰዓት አይልም።

«ወንድምህ ሰዓቱን ያውቅ ነበር» አለችው።

መኝታ ቤት ገብታ የባሏን ደዋይ ሰዓት ይዛ ወጣች። ለማለዳው ፈረቃ የተሞላ ነው፤ ከተቀበረም ወዲህ በየማለዳው ይጮሃል፤ እሷም ቁልፉን እንደጠመዘዘች ነው፤ ዝም ልታሰኘው አልሆነላትም። የዋርሳዋ ጉልበት ላይ አኖረችው።

እንጀራዬ ነው፣ ልጆች አሉኝ አለ። የሰውም ልጅ አለ ብላ አሰበች፤ የጠዋቱን ጠርሙስ ከሱቅ የሚገዛ።

«በማለዳ ከሠራተኞቹ ጋር እገባለሁ» አለ ዋርሳዋ ሰዓቱን እያየ። «የመጀመሪያውን ጠርሙስ እኔው አሽጌ አስመረምራለሁ።»

«ውጤቱንስ?»

«በስሜ ፈርሜ አወጣዋለሁ።»

ሰዓቱን አነሳና ቁልፉን እስኪጠነክር ጠመዘዘው። ከዚያም ወንድሙ ያደርግ እንደነበረው፣ ሰዓቱ መሄዱን ለማረጋገጥ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ሲያለቅስ ያየችው ያኔ ነው።