አዝራር ጣሳ ውስጥ የገባው ፍላሽ

ኑ ቁጭ በሉ ልጆቼ። ያኛው በርጩማ እግሩ ይነቃነቃል፣ እሱን ተዉት። የእህቴ ልጅ የሥራ ማመልከቻ ስትጽፍ የሠራሁትን ጉድ ልንገራችሁ።

እናቷ ካረፈች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ችኩሌ እላታለሁ። ነርስ ናት። ሩቅ ከተማ ያለ ሆስፒታል ሰው ይፈልጋል ተባለ፤ ማመልከቻው በማግስቱ እስከ ቀትር ካልገባ በቃ፣ አለቀ። የአሮጌው ላፕቶፗ ሃርድ ዲስክ ከሞተ ከርሟል። እሷ ግን ሊኑክስ የሚሉትን፣ አሮጌ ኮምፒውተር የማይከብደውን ሲስተም ጣት በምታህል ፍላሽ ላይ ጭና፣ ከዚያ እያስነሳች ትሠራበታለች።

ጠዋት በጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ስትጽፍ አረፈደችና ብድግ አለች። «አክስቴ፣ ከፎቶ ቤት ፎቶዬን ላምጣ። ፍላሹን እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂልኝ!»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከስፌት መኪናዬ ስነሳ መርፌዋን ነቅዬ አዝራር ጣሳ ውስጥ ሳልከት አልሄድም፤ አርባ ዓመት እንዲሁ ነው። ደንበኛ ከበር ስትጠራኝ ፍላሹንም ነቅዬ ጣሳው ውስጥ ከተትኩት። ላፕቶፑ እንደበራ ቀረ፣ ምንም አላለም። እኔም አደራ ጠባቂ ነኝ ብዬ ኮራሁ።

ችኩሌ ስትመለስ መብራት ጠፍቷል። ጠረጴዛውን አየች፣ እኔን አየች።

«ፍላሹስ?»

«ጣሳው ውስጥ በደንብ አስቀምጬልሻለሁ።»

«ወይኔ አክስቴ! ሲስተሙ እኮ ፍላሹ ላይ የሚጽፈው ስዘጋው ነው! የጻፍኩት ሁሉ አሁን ያለው ሚሞሪው ውስጥ ብቻ ነው። ባትሪው ካለቀ ጠፋ ማለት ነው!»

ባትሪው አሥራ አንድ ፐርሰንት ይላል። ፍላሹን ከጣሳው አውጥታ ሰካችው፤ ላፕቶፑ አላየውም። በሌላኛው ቀዳዳ ሞከረች፤ ወይ ፍንክች። ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረችው፣ እኔም ከኋላ ከኋላዋ።

«ሆን ብለሽ ነው» አለችኝ ድንገት። «እንዳልሄድብሽ ነው፣ አይደል?»

ስትሄድ ቤቱ ምን ሊመስል ነው እያልኩ ስብሰለሰል ሰንብቻለሁ። እጄ ልቤን ሰምቶት ይሆን ብዬ ራሴን ፈራሁት።

ሰባት ፐርሰንት።

«ስጪኝ» አልኳትና መስኮቱ ጋ ሄጄ መነጽሬን አደረግኩ። የፍላሹ አፍ በጨርቅ ብናኝ ታጭቋል። የጣሳዬ ሥራ ነው! ቀጭኗን መርፌ አነሳሁ።

«በመርፌ? ትወጊዋለሽ እኮ!»

«ዝም በይ! አንቺ ሰው ስትወጊ እኔ መጥቼ ጮኼብሻለሁ?»

ሳቅ አመለጣት። ብናኙን ቀስ ብዬ ለቀምኩት፣ እፍ አልኩበት። ሰካችው። የፍላሹ መብራት ብልጭ ድርግም አለች። አራት ፐርሰንት ላይ ዘጋችውና «ተቀመጠ!» ብላ ጮኸች። ስትነቅለው፣ ጫማዋን ስታጠልቅ አንድ ሆነ፤ ጄኔሬተር ወዳለው ኢንተርኔት ቤት በረረች። ለቀትር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ላከችው።

ሥራውን አገኘች፣ ሄደችም። አሁን የምትወጋው እዚያ ነው። ቤቱም እንደፈራሁት ጭር አለ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሳልኖር ስለ እኔ ካወራችሁ፣ ፍላሹን መንቀሌን ተናገሩ፣ አልከፋም። ብናኙን የለቀምኩትም እኔ መሆኔን ግን አደራ፣ አትርሱብኝ።