ፍሪሲዮኑን ራሱ የሚለቅ መኪና

ረቢያ ዛሬ ጠዋት ጎባ አረፈች አሉኝ። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት ትቀበራለች። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን አርባ ዓመት ጎረቤቷ ነበርኩና ሥርዓታቸውን አውቃለሁ። ወንዶቹ ጀናዛውን ተሸክመው ከወጡ ሴት አይከተልም። ስለዚህ ከቤት ሳትወጣ መድረስ አለብኝ። የምነግራት ነገር አለኝ።

ሮቤ ላይ ለሚን ያዝኩት። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ነው የነዳው፤ አሁን የአጎቱን አዲስ አውቶሞቢል ይዟል።

«አኮ፣ ይግቡ፣ ባንዴ ነው የማደርስዎት!»

አኮ የሚለኝ አያቴ ለማለት ነው። ገባሁ። ታች ሳይ መርገጫው ሁለት ነው።

«ሦስተኛውን ማን ሰረቀህ?»

«ፍሪሲዮኑ በእግር አይረገጥም አኮ። ኮምፒውተሩ ራሱ ይይዛል፣ ራሱ ይለቃል።»

«እንደ ሚስትህ በለኛ!»

ዳገቱ መሀል የፈረስ ጋሪ ፊታችን ቆመ። የለሚ ግራ እግር እንደ ልማዱ ፍሪሲዮን ፈልጎ ፍሬኑን ደፈጠጠው። ግንባሬ ከመስታወቱ ጋር ተጋጨ። ጋሪው ሄደ፣ እኛ ቀረን። ነዳጅ ሲሰጠው መኪናው ይንዘፈዘፋል፣ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ደግሞ ይሰጠዋል፣ ደግሞ ይንሸራተታል።

«ቀስ ብሎ ነው መልቀቅ የነበረበት!» ይላል፣ ግራ እግሩ ባዶውን ወለል እየረገጠ።

የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ቀይ መብራት በራ።

«ምን አለ?»

«ፍሪሲዮኑ ግሏል። ካልበረደ አልሄድም ነው የሚለው።»

«ለቅሶ አለብን በለው!»

«አይሰማም አኮ።»

ሚኒባሱ ሁሉ ጢም ብሎ ያልፋል። ለረቢያ ልጅ ለዙሀይራ ደወልኩ።

«እማማ፣ ወንዶቹ ገቡ፣ ሊያነሷት ነው።»

«ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ።»

«በነጭ ጨርቅ ተከፍናለች እኮ!»

«በከፈኑ ላይ አድርጊው!»

በስልኩ ውስጥ የጨርቅ ኮሽታ ሰማሁ። «ረቢያ፣» አልኩ፣ «ገበያ የምትሸጪው ቅቤ ድንች ተቀላቅሎበታል ብዬ ያስወራሁብሽ እኔ ነኝ። አንቺ ምስኪኑን ጎረቤታችንን ዘይነዲንን ጠርጥረሽ ሰላምታ ነሳሽው። እኔን አፌን በልቶኝ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ቅቤሽማ ንጹሕ ነበር። እኔም ከሌላ ሰው ገዝቼ አላውቅም።»

ለሚ አፉን ከፍቶ ያየኛል። በስልኩ ውስጥ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» እያሉ አነሷት። ድምፃቸው እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

«እማማ፣» አለች ዙሀይራ፣ «ድምፅ ማጉያው ክፍት ነበር። ዘይነዲንም እዚሁ ነበረ።»

ቤት ሙሉ ሰው ሰማኝ። እኔ የፈለግኩት እሷ እንድትሰማኝ ነበር። ቀዩ መብራት ገና አልጠፋም።