የቺለር ክፍሉ ገላጋይ

ሠረቀብርሃን ሰው ለመጥላት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ንጉሡ የሚባለውን ወጣት ለመጥላት ግን የፈጠነበት ፍጥነት ራሱንም አስገርሞታል፤ ሰውዬው የመሣሪያ ሻንጣውን ገና ሳይከፍት ነገሩ አልቆ ነበር።

ሻንጣው የተቀመጠው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ባለ አንድ የቢሮ ሕንጻ ምድር ቤት፣ ከቺለሩ እግር ሥር ነው። ቺለሩ የጭነት መኪና የሚያህል የማቀዝቀዣ ማሽን ነው፤ ውሃ ያቀዘቅዛል፣ ውሃው በቱቦ እየወጣ ፎቆቹን ያበርዳል፣ ላይ ያሉት ጠበቆች በሐምሌ ሙቀት ኮት ለብሰው ይውላሉ። ሠረቀብርሃን ይህን ማሽን ከሃያ ዓመት በላይ ያሾረ የሕንጻው ዋና ኢንጂነር ነው። ሲያስነሳው በእርግጫ፣ ሲያጠፋው በስድብ ነው። ማሽኑም ይህን ለምዶ ነበር።

ንጉሡ ደግሞ ሥራው መለካት ነው። ቱቦው ላይ በቀበቶ የሚታሰር መሣሪያ ያስራል፣ ሽቦ ይዘረጋል፣ ማሽኑ ምን ያህል ቅዝቃዜ አውጥቶ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደበላ ያያል። መጨረሻ ላይ የሚወጣው አንድ ቁጥር ነው፤ ኪሎዋት በቶን ይሉታል። ቶን እዚህ ላይ የቅዝቃዜ መለኪያ ነው። ቁጥሩ እንደ ደም ግፊት ዝቅ ሲል ነው ጥሩ። ሠረቀብርሃን ሁለቱም ከፍ ብለውበት ነበር።

«ጋሼ፣ ማሽንዎ እኮ ይበላል» አለ ንጉሡ፣ ለክቶ እንደጨረሰ።

«ምን ይበላል?»

«መብራት ነዋ። አንድ ነጥብ አንድ ነው ያወጣው። የኮንደንሰሩ ቱቦዎች በዝገትና በጭቃ ተደፍነዋል፤ ሙቀቱ የሚወጣበት የለውም።»

«አንተ እንግዳ ቤትህ ሲመጣ ስንት ጉርሻ ጎረስክ እያልክ ነው የምትሸኘው?»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው።»

የሕንጻው ባለቤቶች ያዘዙት ይህን ነበር፦ በሚቀጥለው ሐሙስ በሚደረገው ቴስት ቁጥሩ ከዜሮ ነጥብ ስምንት በታች ካልወረደ ማሽኑ በብረት መቁረጫ እሳት ተቆራርጦ ይወጣል፣ አዲስ ይገባል። አዲሱን ሄርንደን ውስጥ ያለ አንድ ቢሮ በኮምፒውተር ያሾረዋል፤ ዋና ኢንጂነር አያስፈልገውም። ንጉሡ ይህን ሁሉ በአንቱታ አስረዳ። ሠረቀብርሃን በኋላ ገላው ለሚባለው ጓደኛው ሲነግረው «በአንቱታ ነው ያረደኝ» ነው ያለው።

ገላው እዚያው ሕንጻ ውስጥ አብሮት ይሠራል፤ ደረቱ ሰፊ፣ ንግግሩ ትንሽ፣ ክንዱ የግንድ ያህል። አንድ ተሰጥኦ አለው። ጠብ ካየ ሮጦ መሃል ይገባል፣ «በማርያም! ኧረ በማርያም!» ይላል፣ ከተጣሉት አንዱን ከኋላው ጥርቅም አድርጎ ያቅፋል። የሚያቅፈው ሁልጊዜ የጓደኛውን ባላጋራ ነው። ጓደኛው እጁ ነጻ ስለሚሆን እንደልቡ ይመታል፤ ገላውም እስኪበቃው «በማርያም» ሲል ይቆያል።

እሑድ ዕለት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ፓርኪንግ ላይ ይህን አሳይቷል። ንጉሡ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ነበር። አንደኛው «ጋሽ አንድ ነጥብ አንድ መጡ» አለ፤ ሌሎቹ ሳቁ፤ ንጉሡ ፈገግ ብቻ ነው ያለው። ሠረቀብርሃን የመታው ግን ፈገግ ያለውን ነው። በጥፊ ተጀመረ። ገላው ደርሶ ንጉሡን አቀፈ፤ ከዚያ በኋላ በቡጢ ሆነ። የልጁ ከንፈር ተተረተረ፣ ነጭ ሸሚዙ እስከ ቀበቶው ቀላ። በዙሪያው የነበረ ሰው ሁሉ ይህን ዓይነት ገላጋይ ከሰፈሩ ያውቀዋል፤ ማንም አልደነቀውም። ንጉሡን የደነቀው የገላው ክንድ ጥንካሬ ነበር።

«ተው አትክሰስ፣ ሽማግሌ ነው» አሉት ጓደኞቹ። አልከሰሰም። ሐሙስ ከንፈሩን አሰፍቶ፣ ሻንጣውን ይዞ መጣ።

እስከ ሐሙስ ድረስ ሠረቀብርሃንም አልተኛም። የማሽኑን ሆድ ከፍቶ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በሽቦ ብሩሽ ቦረሸ፤ ገላው ውሃ ይለቅለታል፣ እሱ የንጉሡን ጉሮሮ እንዳገኘ ሰው ብሩሹን ይሰነቅራል። ቡኒ ጭቃ በባልዲ ወጣ። ማሽኑ ሲነሳ ድምፁ እንኳን ቀለል ብሎ ነበር፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ነጥብ ሰማንያ አምስት ወረደ። ልጁ ስለ ቱቦዎቹ የተናገረው እውነት መሆኑ ሠረቀብርሃንን ይበልጥ አናደደው።

የቀረችው ትንሽ ነበረች። ትንሿን ከሞተሩ ለመውሰድ ወሰነ።

የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ሳጥን አለ። ፍጥነት ሲቀንስ መብራት ይቀንሳል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ሳጥኑ ግን ከዚህ በታች አልወርድም የሚልበት ወለል አለው፤ ያለ ምክንያት አይደለም። ማሽኑ የሚያቀዘቅዝበትን ጋዝ የሚገፋው ወደ ሙቀቱ፣ እንደ ዳገት ነው። ዳገት ላይ መኪና የሚገፋ ሰው ጉልበቱን ካላላ መኪናው ተመልሶ ይወጣበታል፤ ጋዙም እንደዚያው ተመልሶ መጭመቂያውን ይመታዋል። የሙያው ሰዎች ሰርጅ ይሉታል። የሐሙሱ ሙቀት ደግሞ አስፋልት የሚያቀልጥ ነበር፤ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው።

ሠረቀብርሃን ይህን ያውቃል። እያወቀ ጠዋት ወለሉን ከሳጥኑ ላይ አነሳው። ሰርጅ ሲመጣ ማሽኑን በራሱ የሚያጠፋውንም መጠበቂያ በአንዲት ቁራጭ ሽቦ አሳወረው። ሞተሩን ከመጭመቂያው ጋር የሚያገናኘው የሚሽከረከር ብረት ላይ የሚደረገው ክዳንም ቢሆን፣ ሲንቀጫቀጭ ጆሮ ይበላል ብሎ ከፋሲካ በፊት ነው የወረወረው።

ከሰዓት በኋላ ቴስቱ ተጀመረ። ንጉሡ መሣሪያውን ቱቦው ላይ በቀበቶ አሠረና ስክሪኑን ይዞ ቆመ። ሁለቱም ሰላም አልተባባሉም። ገላው በሩ አጠገብ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል።

«ቁጥሩ ሩብ ሰዓት ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት» አለ ንጉሡ።

«ይቆያል።»

ሠረቀብርሃን ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ። ዜሮ ነጥብ ሰማንያ ሁለት። ደግሞ ቀነሰ። ሰባ ዘጠኝ። ጥርሱን ነክሶ አንድ ጊዜ ደገመ። ሰባ ስድስት።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር በጣም ጥሩ ሆነ» አለ ንጉሡ፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም። «ፍጥነቱን ስንት ላይ አደረጉት?»

«አንተ ቁጥርህን እይ።»

ማሽኑ አሳለው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደረቱ ውስጥ አጥንት እንደቀረበት በሬ። ከጣሪያው አቧራ ረገፈ። ቀጥሎ ሁለተኛው መጣ፤ ወለሉ ከእግራቸው ሥር ዘለለ፣ ቱቦዎቹ ግድግዳውን ይደበድቡ ጀመር።

«ሰርጅ እያደረገ ነው! ያጥፉት!»

«ቴስቱ አላለቀም!»

«ይፈነዳል እኮ ጋሼ!»

ማጥፊያው ቀይ ቁልፍ ያለው ከሠረቀብርሃን ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ ነው። ንጉሡ ስክሪኑን ጥሎ ወደዚያ ሮጠ። ለሠረቀብርሃን የታየው ወደ ቁልፉ የሚሮጥ ሰው አልነበረም፤ ኑሮውን ሊነቅል የመጣ እጅ ነው የታየው። የቱቦ መፍቻውን አንስቶ ክንዱ ላይ አሳረፈበት። አጥንቱ ሲሰበር ማሽኑ እያገሳ እንኳን ተሰማ።

ንጉሡ እስከዚያች ቀን ድረስ ሽማግሌ ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም። አሁን በደህናው ክርኑ አፉን አለው። ሠረቀብርሃን ሁለት ጥርሱን ምላሱ ላይ አገኛቸውና ተፋቸው፤ መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ልጁ በትከሻው ገፍቶት ሊያልፍ ሲል ሠረቀብርሃን አንገቱን አነቀው፤ ከቱቦ ወደ ቱቦ ተላተሙ፤ ንጉሡ በጉልበቱ ሆዱን መታው፣ ሠረቀብርሃን የተሰፋውን ከንፈር በጥፍሩ ያዘና ስፌቱን በጠሰው።

«በማርያም! ኧረ በማርያም!»

ገላው ደርሶ ነበር። ንጉሡን ከኋላው አቅፎ፣ ሁለቱንም ክንዱን ከጎኑ ጋር አጣብቆ ወደ ኋላ ጎተተው። ገላው ጀርባውን ለማሽኑ ሰጥቶ፣ ንጉሡ እቅፉ ውስጥ፣ ሠረቀብርሃን ከፊታቸው ቆሙ።

«ቀዩን!» ንጉሡ በደም አረፋ ጮኸ። «እኔን ተወኝና ቀዩን ተጫን!» አንቱታው እዚያ ላይ አለቀ።

ክፍሉ ውስጥ እጁ ነጻ የነበረ ሰው ሠረቀብርሃን ብቻ ነው። ቁልፉ ከቀኝ ትከሻው ኋላ ነበር፤ ዞር ብሎ ክንዱን ቢዘረጋ ይደርስበታል። ማሽኑ እንደ መዶሻ እየመታ፣ ብሎኖች እየላሉ፣ የሚሽከረከረው ብረት መወላገድ ጀምሮ ነበር። ይህንን አይቷል። በኋላ አላየሁም ማለት አልቻለም፤ አይቷል።

የንጉሡ ፊት ግን ደግሞ እዚያው ተይዞለት ነበር። ገላው ጥሩ አድርጎ ይዞለታል።

መታው። የልጁ አፍንጫ ከጡጫው ሥር ሲደቅ ተሰማው። እጁን ወደ ኋላ ስቦ ሁለተኛውን ሲሰነዝር ብረቱ ተበጠሰ።

ጩኸቱ ክፍሉን ሞላው። አንድ ቁራጭ ጣሪያውን በስቶ ገባ፤ አንዱ የመብራት ሳጥኑን ለሁለት ከፈለው፤ ሦስተኛው ገላውን ከኋላ ጭኑ ላይ አገኘው። ጭነቱ የወረደለት ሞተር እንደ ሴት ልጅ እሪ ማለት ጀመረ። ሠረቀብርሃን ዞረና ቀዩን ተጫነ። አሁን ተጫነ።

ማሽኑ ቆመ። ገላው ግን አልለቀቀም። ንጉሡን እንዳቀፈ ቀስ ብሎ ወደ ታች ተንሸራተተ፤ ከጭኑ የሚወጣው ደም እንደተከፈተ ቧንቧ ወለሉ ላይ ይፈስ ነበር።

«በማርያም» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ግድግዳው ላይ ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም አለ፤ የጋዝ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ማሽኑ ጎኑ ተቀዶ ጋዙ እየተለቀቀ ነበር። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ መሬት መሬቱን ነው የሚሄደው፤ ገላው ደግሞ መሬት ላይ ነው።

ንጉሡ ከእቅፉ ወጣ። የተሰበረ ክንዱን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ በአንድ እጁ ቱቦው ላይ ካሠረው መሣሪያ ቀበቶውን መንጭቆ ፈታ፤ መሣሪያው ወድቆ ተሰበረ።

«ያዝ!» አለ ሠረቀብርሃንን። «ከቁስሉ በላይ አዙረህ እሰር! ጠበቅ! ጠበቅ አድርግ፣ ለጓደኛህ አትዘን!»

ሠረቀብርሃን አሰረ። ገላው እንደ ወይፈን አጓራ። ደሙ ቀነሰ። አንደኛው በብብቱ፣ ሌላው በቀበቶው ይዘው እየሳሉ ደረጃውን ወደ ላይ ጎተቱት፤ በእያንዳንዱ ደረጃ የተመታው እግሩ ሲላተም ይሰድባቸው ነበር፣ ሁለቱንም እኩል። ሲሰድብ እየሰሙት ተጽናኑ።

አምቡላንሱ በዕቃ ማውረጃው በር በኩል መጣ። የሕንጻው ማናጀር፣ ቀጭን ሴት፣ በአፏ ላይ እጇን አድርጋ ቆማለች። ላይኛዎቹ ፎቆች ከወዲሁ መሞቅ ጀምረው ነበር፤ ጠበቆቹ ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ አድርገው ወጥተዋል።

«ምንድነው የሆነው?» አለች ንጉሡን በእንግሊዝኛ። ፊቱ ፊት አይመስልም።

ንጉሡ ሠረቀብርሃንን አየው። ሠረቀብርሃን የሚመጣውን ጠበቀ፤ እሱ በልጁ ቦታ ቢሆን ምን እንደሚል ያውቃል።

«ማሽኑ ሰርጅ አደረገ» አለ ንጉሡ። «ያረጀ ነው።» ሌላ አልጨመረም።

ሠረቀብርሃን በሕይወቱ ብዙ ተመትቷል። እንዲህ የመታው ግን የለም። ደሙ አናቱ ላይ ወጣ።

«ማነህና ነው የምትዋሽልኝ?» አለ በአማርኛ፣ ሁለት ጥርስ በጎደለው አፉ እየተኮላተፈ። «ማን ለምኖህ?» ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ፣ ሊማታ እንደሚጠጋ ሰው ተጠግቶ፣ በእንግሊዝኛ አፈረጠው። ወለሉን ያነሳሁት እኔ፣ መጠበቂያውን ያሳወርኩት እኔ፣ ክንዱንም አፍንጫውንም የሰበርኩት እኔ፣ አጥፋ ሲለኝ ያላጠፋሁት እኔ። ሴትዮዋ ወደ ኋላ ተራመደች። የጥበቃ ሠራተኛው የሠረቀብርሃንን መታወቂያ ካርድ ከአንገቱ ላይ ወሰደ። አልታገለም።

ገላው ቃሬዛ ላይ ታስሮ ወደ አምቡላንሱ ሲገፋ ሠረቀብርሃንን በእጁ ጠራው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሠረቀ» አለው። «ጥሩ አድርጌ አልያዝኩልህም?»

ሠረቀብርሃን የገላውን እጅ ያዘ። ከበስተኋላው አንዲት ሐኪም የንጉሡን አፍንጫ ስታቃና ልጁ ይጮሃል።

«በጣም ጥሩ አድርገህ ነው የያዝክልኝ» አለው።

ገላው ደስ አለው። በሩ ተዘጋ። ሠረቀብርሃን የሰው ደም ያረፈበትን እጁን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ የመጣው ፖሊስ «ማነው የመታው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሁለቱንም እጁን አስቀድሞ ዘረጋለት።